ሠርጉን ከጥር ብናሻግረውስ?

አሰላሙ አለይኩም አባ፣

እንዴት ከረሙ? ጉልበትዎ ተሻለዎ? እማስ ደህና ናት? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። በስልክ ስናወራ መስመሩ ይቆራረጣል፤ እርስዎም ተናደው ይዘጉብኛል። ስለዚህ ጻፍኩ። ታናሼ ያንብብልዎ፤ ሙሽራዋ ባትሰማ ይሻላል።

ሠርጉን ከረመዳን በፊት፣ ጥር ላይ እንገላገል ማለታችሁን ሰማሁ። ደስ ብሎኛል። ጥር ላይ ግን መምጣት አልችልም። «አሳ እንደሁ ዓመቱን ሙሉ ባሕር ውስጥ ነው» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። አሳው አለ፤ የማንደርስበት እኛ ነን።

እዚህ ጅቡቲ ዓመቱ ሁለት ነው። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ አየሩ ቀዝቀዝ ይላል። ቀዝቀዝ ስል የደሴን ብርድ እንዳያስቡ፤ ጋቢ የሚያስደርብ አይደለም። ከግንቦት ወዲያ ይነዳል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ደግሞ ኸምሲን የሚሉት አቧራ የጫነ ደረቅ ነፋስ ከበረሃው ይነሳል። ሙቀቱ 40 ዲግሪን ያልፋል። እንደኛ ትንሽ ጀልባ ያለው ሰው በዚያ ነፋስ ከዳር አይርቅም። የዓመቱን እንጀራ የምናገኘው በቀዝቃዛዎቹ ወራት ነው።

ጥር ላይ የታጁራን ባሕረ ሰላጤ ቢያዩት! ጠዋት ወፎች አንድ ቦታ ላይ ሲወረወሩ ካየን፣ ከሥራቸው ትንንሽ አሳ ተሰብስቧል ማለት ነው። ትንንሾቹን ተከትሎ ዴራክ ይመጣል። ረዘም ያለ፣ ጎኑ ጥቁር ሰረዝ ሰረዝ ያለበት አሳ ነው። ጥርሱ የናይሎን ገመድ ይቆርጣል፤ ስለዚህ ከመንጠቆው በላይ አጭር ሽቦ እናስራለን። ሲይዝ ገመዱን ይዞ ይፈተለካል። ያኔ ለቀቅ ማድረግ ነው። እልኸኛ የሆነ ሰው መዳፉን ያስቆርጣል። ሐይቅ ላይ ቆሮሶ በመረብ እያወጣሁ ላደግኩት ለእኔ መጀመሪያ ጉድ ነበር።

ከወጣ በኋላ ያለው ሥራ ደግሞ ይብሳል። ወዲያው በረዶ ውስጥ ካልገባ አለቀለት። ቱናና ዴራክ ሙቀት ላይ ከዋሉ የበላቸው ሰው ፊቱ ይቀላል፣ ሰውነቱን ያሳክከዋል። ቢቀቅሉትም መርዙ አይሞትም። ስለዚህ ከመንጠቆና ከገመድ በፊት በረዶ ነው የምንጭነው።

እማ በቪዲዮ ያየችው ነጠብጣብ ያለበት ግዙፍ አሳም በዚሁ ወቅት ነው የሚመጣው። ዌል ሻርክ ይባላል። ከጀልባችን ይበልጣል፤ የሚበላው ግን ውኃው ላይ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ነፍሳትን ነው። ሰው አይበላም። እንቅልፍ አጣሁ ማለቷን ትተው፣ አብሽሪ ይበሉልኝ።

ባለፈው «አሳው ራሱ ጨው ጨው ይላል ወይ?» ብለውኝ ነበር። አይልም። በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ያለበትን ውኃ እየጠጣ፣ ትርፉን ጨው በስንጥቡ ያስወጣል። ባቲ ሰኞ ገበያ ከአፋሮቹ የሚገዙትን ጨው ለዚህም መጨመርዎ አይቀርም።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው። ሠርጉ ከዒድ በኋላ፣ ሚያዝያ መጨረሻ ወይም ግንቦት መጀመሪያ ላይ ይሁን። የበልጉ አጨዳም ገና ነው፣ የእኛም ሥራ ይቀዘቅዛል። የሙሽራው ወገኖች እንቢ ካሉ ግን በእኔ የተነሳ አትቀያየሙ። የድንኳኑንና የበሬውን ገንዘብ ልኬ እቀራለሁ። ይከፋኛል፣ ግን ጀልባውን ጥር ላይ ጥዬ ከመጣሁ ቦታዬን ሌላ ሰው ይይዘዋል። የጀልባው ባለቤት ከወዲሁ እየጠየቀኝ ስለሆነ፣ ምላሹን እስከ አርብ በድምፅ ይላኩልኝ።

የጉልበትዎን ቅባት በባቲ በኩል ለሚያልፍ ሾፌር ሰጥቻለሁ። የሚያራግፈው ኮምቦልቻ ስለሆነ ታናሼ ሄዶ ይቀበለው። ጠዋትና ማታ ይቀቡት፤ ለጎረቤት እያካፈሉ እንዳይጨርሱት።

ዱዓዎ አይለየኝ።

ልጅዎ