መንታ መወለድ ጥፋት ነው እንዴ?

ይድረስ ለወረዳችን የእንስሳት ሀብት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ጤና ይስጥልኝ ክቡር ኃላፊ። ቢሮዎ ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። ሁለቱን «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባልኩ፤ በሦስተኛው ማመልከቻዬን የተቀበለችኝ ልጅ «ለአንድ በግ ነው ይሄ ሁሉ?» ብላ ሳቀች። መንዝ ላይ! ገብሱን ውርጭ ሲመታው ቤታችንን የሚያቆመው ምን እንደሆነ እርስዎም የዚሁ አገር ሰው ነዎትና አይጠፋዎትም።

ባለፈው ዓመት ጥር፣ ለዘር የሚቀረው አውራ በግ በሚመረጥበት ዕለት፣ ኮሚቴዎ ጠቦቴን ሚዛን ላይ ሰቀለው። በሦስት ወሩ 8 ኪሎ ተኩል። የጎረቤቴ 10 ኪሎ ተኩል። «ያንተ ያነሰ ነው፤ ጠጉሩም ሳስቷል» ተባለና የጆሮ ቁጥሩ በቀይ እስክሪብቶ ተሰረዘ። ግማሽ ደቂቃም አልፈጀ።

እኔ ደብተሬን ይዤ ቆሜ ነበር። የተወለደበትን ቀን፣ ነጠላ ይሁን መንታ፣ እናቱ ስንተኛ ወሊዷ እንደሆነ መዝግቡ ብላችሁ ያሠለጠናችሁን እናንተ ናችሁ። የኔው ጠቦት መንታ ነው፤ እናቱም ቄብ ነበረች፣ የመጀመሪያዋ። የጎረቤቴ ለብቻው ተወልዶ፣ አራት ጊዜ የወለደች እናት ጡት ለብቻው የጠባ ነው። ደብተሩን የከፈተው ሰው የለም።

ይህን ለእርስዎ ማስረዳቴ ራሱ ያሳፍራል፤ የተማሩት ይህንኑ ነውና። ቄብ ስትወልድ ራሷም አድጋ አልጨረሰችም፤ ወተቷ የሚሞላው ሦስት አራት ከወለደች በኋላ ነው። መንታ ደግሞ ከማሕፀን ጀምሮ ተካፍሎ፣ ቀሎ ይወለዳል። ጠዋት ጠዋት ሁለቱ ግራና ቀኝ ተንበርክከው ጡቷን ሲጎሽሙ የኋላ እግሯ ከመሬት ይነሣ ነበር። አንድ ደቂቃ አትቆምላቸውም፤ የላትማ፣ ምን ታጥባ! ጠጉሩም ያው ነው። ቆዳው ውስጥ ጠጉር የሚበቅልባቸው ሥሮች በብዛት የሚወጡት በእርግዝናዋ መጨረሻና ከተወለደ በኋላ ባሉት ጥቂት ሳምንታት ስለሆነ፣ ያኔ የተጎዳ ግልገል ጠጉሩ ሳስቶ ይቀራል። እናቴ ባና ለሚባለው የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ ስትፈትል «የመንታ ጠጉር እንዝርት አይሞላም» ትላለች፤ ሥልጠናም አልወሰደች። ይህ ሁሉ ግን ለልጆቹ የሚያወርሰው ጉድለት አይደለም። የእናንተ ሚዛን የመዘነው የእናቱን ዕድሜና ወተት ነው።

መንታ ሁልጊዜ በረከት ነው አልልም። መኖ በጠፋበት ዓመት አንዱ ይሞታል፤ ስንቱን ቀብሬአለሁ። ይቺ ግን ሁለቱንም አሳደገች። የእህቱ ኪሎ 8 ነበር፤ ይደምሩት፤ 16 ኪሎ ተኩል፣ ከአንዲት ቄብ። ኮሚቴዎ የመረጠው የ10 ኪሎ ተኩሉን ነው።

ያልተመረጠ አውራ መንጋ ውስጥ አይቆይ ስለተባለ ጠቦቱ በሳምንቱ ተኮላሸ። ለገና ሙክት ሆኖ ተሸጠ፤ ስለዚህ «እንደገና እናየዋለን» ብለው አይድከሙ። በመንዝ የማኅበረሰብ ዝርያ ማሻሻያ ከተጀመረ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል። ዛሬም አውራ የሚመረጠው በዓይንና በሚዛን ብቻ ከሆነ፣ ይህን ሁሉ ደብተር ለማን ነው የምንሞላው?

እህቱ አሁን ልትወልድ ተቃርባለች፤ ሆዷ ሰፍቷል። መንታ ከወለደች ደብተሩ ላይ ልጻፈው ወይስ «ነጠላ» ልበል? እባክዎ ይህችን ብቻ በጽሑፍ ይመልሱልኝ።

መንዝ፣ ሰሜን ሸዋ