ስለ 11982 ያልነገርኩህ

ወንድም ዓለም፣

እንደምን ከረምክ? አራት ዓመት ዝም ብዬ ዛሬ በእኩለ ሌሊት መጻፌ ሳይገርምህ አይቀርም። ደውለህ ያላነሳሁባቸው ቀናት አሉ፤ የእናትህም አርባ ላይ አልተገኘሁም። ይቅር በለኝ። እሱን ፊት ለፊት እንነጋገራለን፤ አሁን ሌላ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል።

ነገሩ ፍሪሴል ነው፤ ያ በኮምፒውተር እንጫወተው የነበረው የካርታ ጨዋታ። አትሳቅ።

ልጄ 12 ዓመት ሞላት። ትምህርት ዝግ ስለሆነ ኮምፒውተሬን ከፍታ፣ በብሮውዘር በነጻ የሚገኘውን ፍሪሴል ትጫወታለች። ያስተማርኳት እኔ ነኝ። 52ቱ ካርታ ፊቱን ገልጦ በስምንት ዓምድ ሲደረደር፣ ቀይ ዘጠኝን በጥቁር አሥር፣ ጥቁር ስምንትን በቀይ ዘጠኝ ላይ እያስከተለች ስትወርድ ብታያት! አንተ ገና ሦስት ካርታ ሳታንቀሳቅስ፣ ካርታ ለጊዜው የሚቀመጥባቸውን አራቱን ባዶ ቤቶች ሞልተህ ጠረጴዛ ትደበድብ ነበር። እሷ ለባዶ ቤት ትሰስታለች። አራቱም ቤቶች ባዶ ሲሆኑ አምስት ተከታታይ ካርታ እንደሚነሳ፣ አንድ ባዶ ዓምድ ከተጨመረ ደግሞ አሥር እንደሚደርስ ማንም ሳይነግራት ቆጥራ ደረሰችበት። የዚያን ቀን ልነግርህ ስልኬን አንስቼ ነበር፤ አፍሬ መልሼ አስቀመጥኩት።

መቼም በጨዋታው ውስጥ እያንዳንዱ የካርታ እደላ የራሱ ቁጥር አለው። ታዲያ ባለፈው ሳምንት እራት ላይ አንድ ቃል አመለጠኝ። «11982 የሚባል ከባድ ቁጥር አለ፤ ተማሪ ሳለሁ ፈትቼዋለሁ» አልኳት።

እንዴት ልበልህ። አልፈታሁትም።

በ1994 ዓ.ም. አንተ ወደ ዶርም ገብተህ እኔ ኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን የቀረሁበት ሌሊት ትዝ ይልሃል? ጠዋት «ፈታሁት፤ ግን ወዲያው መብራት ሄደ» አልኩህ። መብራቱስ በእርግጥ ሄዷል፤ ካርታው ግን ግማሹም አልተነሳም ነበር። አንተ ከእኔ በላይ ተደስተህ ለዶርሙ ሁሉ አወራህ፤ ሻይ በፓስቲ ጋበዝከኝ። ከግብዣው በፊት እውነቱን መናገር እችል ነበር፤ ከግብዣው በኋላ አፌ ተያዘ።

ከዚያ አንተ ያንኑ ቁጥር ይዘህ ተቀመጥክ። የጨዋታው መመሪያ ራሱ፣ ባይረጋገጥም ሁሉም እደላ እንደሚፈታ ይታመናል ይል ነበር፤ እኔ ደግሞ የሐሰት ምስክር ሆንኩብህ። አንድ ማታ «የእኔ ጭንቅላት ለሒሳብ አልተፈጠረም» ብለህ ወንበሩን ገፍተህ ወጣህ። የትምህርት ክፍል ስንመርጥ ሒሳብን ተውክ። በዚያ ምክንያት ነው ለማለት አልደፍርም፤ አንተም ብለኸኝ አታውቅም። ብቻ የወንበሩ ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

11982 አይፈታም፣ ወንድሜ። ያኔ ዊንዶውስ ውስጥ ከነበሩት 32,000 እደላዎች የማይፈታው እሱ ብቻ ነው። እኛ እዚያ ክፍል ከመግባታችን ከዓመታት በፊት፣ ብዙ ሰዎች በኢንተርኔት ተጠራርተው ሁሉንም ተካፍለው ሞክረዋል፤ በመጨረሻ እሱ ብቻ ቀረ። በኋላም ኮምፒውተር መንገዱን ሁሉ አስሶ መውጫ አጣለት። እኔ ይህን ካወቅሁ ቆይቻለሁ። አንተን ያቃተህ ማንም ያልቻለውን ነገር ነው፤ ይህን የምነግርህ እኔ መሆን ነበረብኝ፤ ያውም ያኔ።

አሁን ልጄ በየቀኑ ያንን ቁጥር ታስገባለች። ስታስገባው ያው የእኛው ካርታ ይደረደራል፤ አንዱም ቦታውን አይስትም። ትናንት ማታ «አባዬ፣ አንተ በየትኛው ካርታ ነበር የጀመርከው?» ብላ ጠየቀችኝ። «ነገ አሳይሻለሁ» አልኳት። ሁለተኛ ዋሸሁ ማለት ነው። ከዚያ ወደ መኝታዋ ስትሄድ ለራሷ «እኔ ነኝ የማልችለው» ስትል ሰማኋት።

ስለዚህ ነው የጻፍኩት። ነገ ቁርስ ላይ ሁሉንም እነግራታለሁ፤ የአንተንም ጭምር። ነገር ግን ከእሷ አስቀድመህ አንተ ልትሰማው ይገባሃል። ብትቆጣ እውነት አለህ። ስልክህ ካልተቀየረ እሁድ ከሰዓት በኋላ እደውልልሃለሁ፤ ባታነሳም ሰኞ ደግሜ እደውላለሁ።

ወንድምህ