መጀመሪያ እኛን አስወጣን
ሰላም ለአዘጋጁ፣
በ2014ቱ ጦርነት ደሴ ላይ ያየውን ካየ በኋላ ታናሽ ወንድሜ እንቅልፍ አጣ፣ በር በተንኳኳ ቁጥር ይበረግጋል። እማዬ ዱዓ አስደረገችለት፤ እኔ ደግሞ የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋ ወሰድኩት። ባለሙያው መጀመሪያ እኛን በትህትና አስወጣን። «ሕይወት አደጋ ላይ የሚጥል ነገር ካልሆነ በቀር የምትነግረኝ እዚሁ ይቀራል» አለው። ከዚያ የጠየቀው ስለ ኳስ ነው! በየሳምንቱ የሚያስፈራውን ሐሳብ ደብተር ላይ እየጻፈ ይመጣል፣ እውነት ይሁን አይሁን አብረው ያዩታል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ብቻውን ፒያሳ መሄድ ጀመረ። ሌሎቹ ልጆችስ? ትምህርት ቤቶቻችን ውስጥ እንዲህ የሚያዳምጣቸው ሰው ያስፈልጋል፤ እባካችሁ ጻፉበት።
ከቧንቧ ውሃ፣ ደሴ