ለጋሼ፣ ከትሮምሶ

ትሮምሶ፣ ኖርዌይ
ታኅሣሥ 14 ቀን

ይድረስ ለማከብርዎና ለምወድዎ ወንድሜ፣ ለጋሼ
መሐል ሜዳ

እንደምን ከረሙ? እማዬስ? ልጆቹስ? ከብቱ፣ በጉ ሁሉ ደህና ነው ወይ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ባለፈው በስልክ ስንተያይ በመስኮቴ ጨለማውን አይተው "እዚያ ስንት ሰዓት ነው?" አሉኝ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው ስልዎት ደነገጡ። ወዲያው ኔትወርኩ ሄደና ሳልመልስልዎ ቀረሁ። እዚህ ከኅዳር 18 ገደማ እስከ ጥር 7 ድረስ ፀሐይ አትወጣም። እኩለ ቀን ላይ ለጥቂት ሰዓት እኛ አገር ዶሮ ሲጮኽ እንዳለው ዓይነት ወገግታ ይታያል፤ ከዚያ ድርግም ይላል። ከተማውን ተራራ ስለከበበው ፀሐይዋ በደንብ የምትታየው ጥምቀት ባለፈ በሁለት ቀን ነው። ያን ቀን ልጆቹ በየትምህርት ቤቱ ጣፋጭ ዳቦ እየበሉ ይቀበሏታል። ባየሁት ቁጥር ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። "ማስተማሩስ ይሁን፤ ወፍና ዝንጀሮ እየተከተሉ ፎቶ ማንሳት ግን ምን ይጠቅማል?" ብለውኝ ነበር። በስልክ የሚያልቅ ስላልመሰለኝ ነው የምጽፍልዎ።

የማስተምረው ስለ ዱር እንስሳትና ስለሚኖሩበት አካባቢ ነው። በዓመት አንዴ ሁለቴ ጥናቴን ላቀርብ ሌላ አገር ጉባኤ እሄዳለሁ። ትኬቱ ይከፈልልኛል። እኔ ደግሞ ከራሴ ኪስ ሁለት ሦስት ቀን እጨምርና ካሜራዬን ይዤ ጫካ እገባለሁ። ሁሌ አይሳካም። አንድ ጊዜ ቪዛው የደረሰኝ ጉባኤው ባለቀ በማግስቱ ነው። በኛ ፓስፖርት የሚጓዝ መምህር ይህን ያውቀዋል። በጣም ነበር ያዘንኩት።

ባለፈው የካቲት ግን ጃፓን ደረስኩ። ናጋኖ በሚባል ክፍለ ሀገር፣ ጂጎኩዳኒ የሚሉት ሸለቆ አለ። ትርጉሙ የገሃነም ሸለቆ ማለት ነው፤ ከመሬቱ እንፋሎት ስለሚወጣ። በበረዶ ጫካ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል በእግር ሄድኩ። ዝንጀሮዎቹ ፍል ውኃ ውስጥ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ከሰው በቀር በዓለም ላይ የእነሱን ያህል ወደ ሰሜን ርቆ የሚኖር የዝንጀሮ ዘር የለም። አንዲት እናት ከእኔ ሁለት ክንድ ርቃ ዓይኗን ጨፍናለች። ፊቷ ቀይ ነው። ቅንድቧ ላይ የወረደው በረዶ አልቀለጠም። ልጇ ከጉያዋ ብቅ ብሎ ያን በረዶ በጣቱ ይነካካል፣ ጣቱን ይልሳል፣ ደግሞ ይነካካል።

መጀመሪያ ያነሳሁት ሁሉ ተበላሸ። ካሜራ በረዶ ሲያይ ብርሃኑ የበዛ እየመሰለው ያጨልመዋል፤ ነጩ አመድ ሆኖ ይወጣል። ብርሃኑን በእጄ ጨምሬ ነው በረዶውን በረዶ ያስመሰልኩት። ባትሪውም በብርድ ቶሎ ስለሚሞት ትርፉን ብብቴ ሥር አሙቄ ነበር የያዝኩት።

እነዚህ ዝንጀሮዎች ድሮ የገበሬውን አዝመራ ያጠፉ ነበር። ፓርኩ እንደ ፈረንጆቹ በ1964 ሲከፈት መኖ እየሰጡ ከማሳው አራቋቸው። ይህን ስሰማ እርስዎ ነዎት ትዝ ያሉኝ፤ ወንጭፍዎን ይዘው ጭላዳውን ከገብሱ ሲያባርሩ። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የለም። ሣር ዋና ምግቡ የሆነ ዝንጀሮም በዓለም ላይ እሱ ብቻ ነው። እኛ ደጃችን ሲውል ሲያድር ይህን መች አወቅን?

ተመልሼ ክፍል ስገባ የጃፓኑን ፎቶ ካሳየሁ በኋላ የኛን ደጋ፣ የጓሳን አስከተልኩ። ያኔ መጥቼ ያነሳሁትን፣ ጅብራው በጉም ውስጥ የቆመበትን። አንዷ ተማሪ "ይህ የማን ነው? ማን ይጠብቀዋል?" አለችኝ። የቀሮን ሥርዓት ነገርኳቸው። አባቶቻችን ከዛሬ 400 ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ መሪ መርጠው ጓሳውን ለዓመታት እየዘጉ፣ ሣሩ ሲደርስ ለቤት ክዳኑም ለገመዱም ለገሳውም እያጨዱ እንዳቆዩት። በ1967 የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ቢፈርስም ሕዝቡ በሌላ መልክ ጥበቃውን እንደያዘ። ሰዓቱ አልቆ እንኳ አልተነሱም። ጥያቄ በጥያቄ ላይ ሆነ።

ይህን ሁሉ ትዕግሥት ከየት አመጣኸው ይሉኛል፤ ለአንድ ወፍ አራት ሰዓት ስቀመጥ። ያስታውሱ እንደሆነ እንጃ፤ በግ ስንጠብቅ ዝናብ መጥቶ አንድ ገሳ ሥር ተጠለልን። ቀይ ቀበሮው ከፊታችን ፍልፈል ያደባ ነበር። እርስዎ ጭንቅላቴን በመዳፍዎ ወደ መሬት ተጭነው "እንዳትተነፍስ!" አሉኝ። ሣሩ አፍንጫዬን ይወጋኛል። ቀበሮው አንድ እግሩን አንስቶ ለረጅም ጊዜ ሳያወርደው ቆየ። እኔ ፎቶ ማንሳት የተማርኩት ያን ቀን ነው ጋሼ፤ ካሜራው ነው ኋላ የመጣው።

እንግዲህ አንድ ነገር ላስቸግርዎ። በሚቀጥለው ዓመት ከማስተማር እረፍት አለኝ። ጥቅምት ላይ ስድስት ተማሪዎች ይዤ ልመጣ አስባለሁ። ሽማግሌዎቹንና የጓሳውን ኮሚቴ ያማክሩልኝ። የምናድረው ማኅበረሰቡ ባሠራው ማረፊያ ነው፤ የሚከፈለውን ሁሉ እንከፍላለን። ወደ ቀበሮው ጉድጓድ አንጠጋም። እነሱ ካልፈቀዱም ይቅር፣ አልቀየምም።

ሌላው የውሻው ጉዳይ ነው። አዋቂው ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ተቆጥሮ 500 አይሞላም። ብዙ ጊዜ የሚፈጀው ከውሻ የሚጋባበት የእብደት በሽታ ነው። አደራዎን፣ ክትባት ሲመጣ የኛን ውሾች አስከትቡ፤ ጎረቤቱንም ይንገሩልኝ። ልጆቹም ወደ ጓሳ ሲወጡ ውሻ አያስከትሉ።

ለእማዬ ጉልበቷን ሳሙልኝ። የጃፓኗን እናት ፎቶ አሳትሜ ከደብዳቤው ጋር ልኬያለሁ፤ ልጇን አቅፋ ስታይ ደስ ይላታል ብዬ ነው።

ያ ገሳ እስካሁን ካለ እንዳይጥሉብኝ። ጥቅምት ላይ እለብሰዋለሁ።

ታናሽ ወንድምዎ