ነቀርሳ ስትሉ የትኛውን ነው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ጎረቤታችን የጡት ነቀርሳ እንዳለባት የተሰማ ሰሞን፣ ቡና ላይ የእሷ ሲኒ ለብቻው መቀመጥ ጀመረ። ልጆቻቸው ቤቷ እንዳይገቡ የከለከሉም አሉ። ክፉዎች ሆነው አይደለም። ነቀርሳ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚላቸው የሳንባ ነቀርሳ ነው፤ ቲቢ ማለት ነው።

ቲቢን የሚያመጣው ባክቴሪያ ነው፤ ጀርመናዊው ሮበርት ኮክ በፈረንጆቹ 1882 ይፋ ያደረገው። በአየር ይተላለፋል፤ መድኃኒቱ ሳይቋረጥ ከተወሰደ ደግሞ ይድናል። ካንሰር ሌላ ነው። የገዛ ሰውነታችን ሕዋስ ከቁጥጥር ውጭ ሲባዛ የሚመጣ ነው። አብሮ በመብላት፣ በመሳሳም፣ በሲኒ አይተላለፍም። የጥንት ግሪኮች እባጩን ካርኪኖስ፣ ሸርጣን፣ አሉት። ዙሪያውን የተወጠሩት ደም ሥሮች የሸርጣን እግር መስለዋቸው ነው ይባላል። ሮማውያንም በራሳቸው ቋንቋ ካንሰር አሉት፤ ያም ሸርጣን ነው። እኛ ሁለቱንም በሽታ ነቀርሳ አልን። ሙስናንም እኮ «የአገር ነቀርሳ» እንላለን፤ ታማሚዋ ይህን ስትሰማ ምን ይሰማት ይሆን?

እባካችሁ ቲቢን ቲቢ፣ ካንሰርን ካንሰር ብላችሁ ጻፉ። የግድ ነቀርሳ ካላችሁም፣ ይተላለፋል አይተላለፍም የሚለውን እዚያው ጨምሩበት። ይህ ደብዳቤ ከወጣ ቆርጬ የብሎካችን መግቢያ ላይ እለጥፈዋለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከቱሉ ዲምቱ