ለ5ኛ ክፍል ወላጆችና አሳዳጊዎች፦ ስለ ፕላኔቶቹ የሒሳብ ወረቀት

ውድ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

የወላጆች ስብሰባ ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። የስፖርት ልብስ ያልወሰዳችሁ ከቢሮ ውሰዱ።

አሁን ስልክ ወደሚያስደውላችሁ ጉዳይ ልግባ። «ልጄ ሒሳብ ትቶ ስለ ፕላኔት ነው የሚያወራው» እየተባለ ነው። አልተወም። ወረቀቱ የአስርዮሽ ቁጥር መለማመጃ ነው።

1.52 እና 5.2 የቱ ይበልጣል? ብዙ ልጆች 1.52 ይላሉ። ነጥቡን ረስተው 152ን ከ52 ጋር ስለሚያወዳድሩ ነው። ወረቀቱ ላይ እነዚህ ቁጥሮች ፕላኔቶች ከፀሐይ ያላቸው ርቀት ናቸው፤ የመሬት ርቀት 1 ተብሎ። ማርስ 1.52፣ ጁፒተር 5.2፣ ሳተርን 9.58፣ ዩራነስ 19.2። ነጥቡን የረሳ ልጅ ጁፒተርን ከማርስ፣ ዩራነስን ከሳተርን ያስቀድማል። ተራቸውን ግን ያውቀዋል። ስለዚህ መምህሩ ሳይነግረው ስህተቱን ራሱ ያገኘዋል።

«በብርና በሳንቲም ለምን አታስተምሩም?» ትሉ ይሆናል። እናስተምራለን። ነገር ግን ዋጋ ሁልጊዜ ከነጥብ በኋላ ሁለት አሃዝ አለው፤ 12.50፣ 8.75። እንደ ሙሉ ቁጥር ያነበበውም ልጅ በትክክል ይመልሳል። ችግሩ ተደብቆ ይቀራል ማለት ነው።

«ሚኒስትሪ ላይ ፕላኔት አይመጣም» የሚልም አለ። አስርዮሽ ይመጣል።

«ጨዋታ ነው» ለምትሉም እባካችሁ ሦስተኛውን ጥያቄ እዩት። 30 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ጨረቃ ላይ ሚዛን ላይ ቢወጣ ስንት ያነባል? ጨረቃ ላይ ክብደት የመሬቱ 0.17 ያህል ብቻ ስለሆነ፣ 30 በ0.17 ሲባዛ 5.1 ነው። ልጆቹ እዚህ ጋ ይከራከራሉ። «ማባዛት ቁጥር ያሳድጋል» ብለው ያምኑ ነበራ! ይህ ክርክር ክፍል ውስጥ መነሳቱ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። በትንሹ አትዩት።

በአክብሮት የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ወረቀቱን እናንተ አትሥሩላቸው። አስጠኚም አይሥራላቸው። በትልቅ ሰው እጅ ጽሑፍ ተሞልተው የሚመለሱ ወረቀቶች አሉ። «ዜሮ እንዳያመጣ ብዬ ነው» እንደምትሉ ይገባኛል። ወረቀቱ ማርክ የለውም። መምህሩ የሚፈልገው የልጁን ስህተት ነው፤ ካላየው ምኑን ያርማል?

ወረቀቱ እስከ ዓርብ ይመለስ። አሁንም ያላመናችሁ ረቡዕ በ3ኛው ክፍለ ጊዜ መጥታችሁ ከልጆቹ ጋር ተማሩ። ወንበር እናዘጋጃለን።

ከአክብሮት ጋር
ርዕሰ መምህር