ጅብራም ብርቅዬ አበባ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ባለፈው እትማችሁ ስለ ዓለም ብርቅዬ አበቦች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቆርጬም ሱቄ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። ደብረ ብርሃን ውስጥ የሰርግ ዲኮር ነው የምሠራው። ደንበኞቼ ስልካቸውን እያሳዩ "እንደዚህ ዓይነት አለሽ?" የሚሉኝ አበባ ሁሉ እዚያ አለ።

አብዝተው የሚጠይቁኝ ሰማያዊ ጽጌረዳ ነው። እውነቱን እነግራቸዋለሁ። ጽጌረዳ በተፈጥሮዋ ሰማያዊ የላትም። በፎቶ የምትታየው ቀለም የተበጠበጠበት ውሃ የጠጣች ነጭ ጽጌረዳ ናት። የጃፓኑ ሳንቶሪ ኩባንያ ስንት ዓመት ለፍቶ እ.ኤ.አ. በ2009 ለገበያ ያወጣት እንኳ ወደ ሐምራዊ ታደላለች።

የኢንዶኔዥያዋ ሱማትራ ደሴት ራፍሌዢያም ገርሞኛል። ቅጠል የለው፣ ግንድ የለው፣ ሌላ ተክል፣ ሐረግ ላይ ተጠግቶ ነው የሚኖረው። አንዱ አበባ ብቻውን እስከ አንድ ሜትር ይሰፋል። ዝንብ ለመጥራት እንደ በሰበሰ ሥጋ ይሸታል። ከሁሉም ልቤን የነካው ግን የፔሩና የቦሊቪያው ፑያ ራይሞንዲ ነው። ብርዳም ተራራ ላይ ሰማንያ ዓመትና ከዚያም በላይ ይቆያል፤ አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፤ ዘሩን አራግፎ ይሞታል።

እሱን ሳነብ "ይሄማ የእኛ ጅብራ ነው!" አልኩ። ዘራቸው አይገናኝም፤ ዕጣቸው ግን አንድ ነው። ጅብራም ለዓመታት እንደ ጎራዴ የረዘመ ቅጠሉን ብቻ ይዞ ይቆያል። ከዚያ ያን ረጅም የአበባ ዘንግ ይሰድና አብቦ፣ ዘርቶ ይደርቃል። ከኢትዮጵያ ተራሮች ውጭ የትም አይገኝም። በጽሑፋችሁ ውስጥ ግን ስለ እሱ አንድ መስመር የለም። "ምን እንደ ጅብራ ትገተሪያለሽ?" ተብሎ ያልተቆጡት ልጅ የለም፤ ስሙን ሁላችንም እናውቃለን። ተክሉን ስንቶቻችን አይተነዋል?

የምጽፍላችሁ ቅር ስላለኝ ብቻ አይደለም። የሚከብደኝ ነገር አለ።

አንድ ጥር ላይ፣ የሙሽራው ቤተሰቦች የአዳራሹ በር ላይ ማንም ያላደረገው ነገር እንዲቆም ፈለጉ። ጅብራ አሉኝ። እኔም እሺ አልኩ። ሁለት ዘንግ በአይሱዙ መጣልኝ። ሱቁ ወለል ላይ ሲጋደሙ እያንዳንዳቸው ከእኔ ቁመት ይበልጡ ነበር። ከተቆረጠበት ነጭ ወተት ይንጠባጠባል፤ እጄ ላይ ተጣብቆ አልለቅ አለኝ። ከታች ያሉት አበቦች ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ሰማያዊ ሆነው ፈክተዋል። ከላይ ያሉት ገና እንቡጥ ናቸው። አባቴ የመንዝ ሰው ነው፤ ሊጠይቀኝ መጥቶ ደጃፉ ላይ ቆመ። ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ካየ በኋላ "ልጄ፣ ይሄ እኮ ገና አልወለደም" አለኝ።

ያን ቀን ነው የገባኝ። ጽጌረዳ ብትቆርጣት መልሳ ታወጣለች። ጅብራ ግን ያችው አንዷ ናት። ሳይዘራ ከቆረጥነው ያ ሁሉ ዓመት የጠበቀው በአንድ የቅዳሜ ድግስ ያልቃል። ማር ልትቀስም የምትመጣውም ወፍ ባዶ ቦታ ነው የምታገኘው።

ከዚያ ወዲህ ጅብራ አልነካሁም። ሰሞኑን ግን የሌሎች ዲኮር ፎቶ ላይ እያየሁት ነው። በሙያው ያላችሁ እህት ወንድሞቼ፣ እባካችሁ ተዉት። ደንበኛ ብርቅ ነገር ከፈለገ ጽጌረዳውን በቀለም አሳምሩለት። የመንዝ አባቶች ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የጓሳን ሜዳ ቀሮ በሚባለው የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ሲጠብቁ፣ የቀሮው አለቃ ካልፈቀደ የቤት ክዳን ሣር እንኳ አይታጨድም ነበር። ለዓመታት ይዘጉታል፣ ሣሩ ሲደርስ ይከፍቱታል። ለሣር እንዲህ የተጠነቀቀ አገር ልጆች ነን።

እናንተም በሚቀጥለው እትማችሁ ጅብራን ከፑያው ጎን አውጡልን። ፎቶ ካጣችሁ እኔ እልካለሁ። አምና ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ ስሄድ መኪና አስቁሜ ያነሳሁት አለኝ። ዘሩን ጨርሶ የደረቀ አንድ ዘንግ ቆሟል። ከሥሩ፣ ጓሳ ሣሩ መሐል፣ መዳፍ የማይሞሉ አራት ትንንሽ ጅብራዎች በቅለዋል።

አክባሪያችሁ
የሰርግ ዲኮር ሠራተኛ፣ ከደብረ ብርሃን